መጥሪያዋን የነካች

ከአልጋው ሥር የለችም። ጉንዳን ፍራሹን ገለበጠች፣ አንሶላውን አራገፈች፣ ወለሉን በመዳፏ ዳበሰች። ከሙቀት መለኪያው ያወጣቻት፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህለው ክብ ባትሪ የውሃ ሽታ ሆናለች። አዲሷን ከመሳቢያ ልታወጣ ዞር ስትል አሮጌዋን አልጋው ላይ ነበር የተወቻት። አልጋው ላይ ደግሞ ማሙሽ ነበር፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚልከው የስምንት ወር ልጇ።

ማሙሽ ሳል ሳል አድርጎት ዝም ብሎ ነበር። ፍለጋው አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው፤ አሁን ለሃጩ ይዝረከረካል። ጡት ስትሰጠው ፊቱን አዞረ። ያ ሆዳም ልጅ ጡት እምቢ አለ።

ጉንዳን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጡላት የቤቱ ልጆች ናቸው፣ ቁጭ ማለት ስለማታውቅ። ቤቱ በልጅነታቸው ወልደው መጠጊያ ያጡ እናቶች ራሳቸውን እስኪችሉ የሚኖሩበት ነው። ምድር ቤት እያሉ ከሠራተኛዋ ከእትዬ ዓይን አይርቁም። ጎበዝ የተባለች ግን ፎቅ ላይ የራሷ ክፍል ተሰጥቷት ለአንድ ሳምንት ትሞከራለች። በዚያ ሳምንት እትዬ ካልተጠሩ ደረጃውን አይወጡም። በሩ አጠገብ መጥሪያ አለ።

ታዲያ ልጆቹ እርስ በርስ የሚቀባበሉት ወሬ ነበር፤ መጥሪያዋን የነካች ወደቀች። እትዬ እንዲህ ብለው አያውቁም። ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል? ጠያቂዋ እንደማትችል ታወቀባት ማለት አይደል? ጉንዳንም መጥሪያዋን እንደ እሳት ስትሸሻት ነበር የከረመችው። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ይኸው ደረሰ።

በሩ ተከፈተ። ሕፃን ልጇን አዝላ የገባችው የማዶዋ ጎረቤቷ ሬዲዮ ናት፤ ጧት ከተከፈተች ስለማትዘጋ ነው ሬዲዮ የተባለችው።

«ምን ሆነሽ ነው ቤቱን የምታተራምሺው?»

«ማሙሽ ባትሪ የዋጠ መሰለኝ።»

ሬዲዮ ተዘጋች። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ገፋችው።

«መጥሪያዋን እንዳትነኪ። ያቺን ከእኛ በፊት እዚህ ፎቅ ላይ የነበረችውን ቀይዋን ልጅ ረሳሻት? ልጇ ላይ ሻይ ተደፍቶ ጠራቻቸው። ልጁ አሁን አያቱ ጋ ነው፣ በሳምንት አንዴ ነው የምታየው።»

«እሷ እኮ ሌላም ጣጣ ነበረባት።»

«እሱን ለቤቱ ኃላፊዎች ንገሪያቸው። ባክሽ አታካብጂ፤ ወንድሜ ሳንቲም ውጦ በማግሥቱ ወጣለት። ዳቦ አጉርሺው፣ ይዞት ይወርዳል።»

ጉንዳን ማመን ፈለገች፣ እጅግ ፈለገች። ዳቦ ቆረሰች። ወደ አፉ ስታስጠጋለት ማሙሽ እንደገና አሳለው፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ጉንዳን እጇን ሰበሰበች። እናቷ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቆመ ሰዓት ነበር። ውስጡ የተረሳው ባትሪ ፈሶ ብረቱን በልቶት አይታለች። ብረት የበላ ነገር የዚህን ልጅ ጉሮሮ ምን ያደርገዋል?

«ከወሰዱብኝስ?» አለች።

«ይወስዱብሻል» አለች ሬዲዮ። የእሷም የሙከራ ሳምንት ገና አላለቀም።

ጉንዳን ማሙሽ የሌለበት አልጋ ታያት። ከዚያ የባሰውንም አሰበችና ወዲያው ከራሷ አባረረችው። ተነስታ መጥሪያዋን ተጫነች። ጣቷን እስኪያማት አልለቀቀችም።

እትዬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጡ ደረሱ። ነገሩን እንደሰሙ ዳቦውን ከአልጋው ላይ አነሱት። «ምንም እንዳይቀምስ» አሉና ስልካቸውን ጆሮአቸው ላይ ለጠፉ። ከወዲያ በኩል ሐኪም ይጠይቃቸዋል።

«ከዋጠ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?» አሉ ወደ ጉንዳን ዞረው።

«አሁን፣ አሁን ነው» አለች ሬዲዮ ፈጥና። ጉንዳንን በዓይኗ ጠቀሰቻት።

እሺ ካለች ደህና እናት ናት፤ ልጇ ዋጠ፣ ጠራች፣ አለቀ። ፍራሽ ስትገለብጥ፣ ዳቦ ስትቆርስ፣ ስትፈራ ያባከነችውን ጊዜ የሚያውቅባት የለም። ሐኪሙ ግን ማሙሽን የሚያክመው በዚህ መልስ ነው።

«አይደለም፣ እትዬ። አንድ ሰዓት አልፎታል። አውቄ ነው ያልጠራሁዎት። ፈርቼ ነው።»

ሬዲዮ መሬት መሬቱን አየች። እትዬ ጉንዳንን ትክ ብለው አዩዋት፤ ምን እንዳሰቡ ፊታቸው አይናገርም።

«ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል፣ ይዘነው እየመጣን ነው» አሉ በስልኩ። ሐኪሙን አዳመጡ። «አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ። እናቱ ናት የነገረችኝ።»

ጉንዳን ማሙሽን አነሳችው። ይወስዱባት እንደሆነ አላወቀችም። አጥብቃ አቀፈችውና ከእትዬ ቀድማ ደረጃውን ወረደች።