ሌባ ሻዩ የተጋደመበት

እኔ ጠንቋይ ቀርቶ ስኒ የምታነብ ጎረቤት እንኳ ስታወራ ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ዛር ነው ቡዳ ነው ሲሉኝ ፊት ለፊት «ውሸታችሁን ነው» የምል፣ ስለዚህ ይህን የማወራው ላስፈራችሁ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ቤታችን ቦሌ ነው፣ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። የምንኖረው እማዬ፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ዳንኤል ነበርን፣ እናቱ ስትሞት እማዬ ናት ያሳደገችው። ታላቅ ወንድሜን ግርማን ወስደውብናል። ተደብቆ ከርሞ ልብስ ሊቀይር ብቅ ባለ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ የታጠቁ ሰዎች መጥተው ወሰዱት፣ እንደሚመጣ የምናውቀው ደግሞ ሦስታችን ብቻ ነበርን። እማዬ ስንቅ ስታመላልስ ቆይታ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው መለሷት። ማን እንደጠቆመበት በቤታችን ጮክ ብሎ የጠየቀ የለም፣ እኔ ግን በሆዴ ወተት የምታመጣልንን ሴትዮ ሳይቀር እጠረጥር ነበር።

ዳንኤል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማራል። በዚያ ዓመት ክሪሚኖሎጂ የሚባል፣ ሰው ለምን ወንጀል እንደሚሠራ የሚያጠና ትምህርት ነበራቸው፣ ጽሑፍ አቅርቡ ሲባሉ እሱ ሌባ ሻይን መረጠ። ለማታውቁት፣ ድሮ ዕቃ ሲጠፋ መድኃኒት ይጠጣና እየተሳበ፣ እያሸተተ ሄዶ የሌባው መኝታ ላይ የሚጋደም ሰው ነው። ዳንኤል ገርጂ እርሻ ዳር በልጅነታቸው ይህን ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ አገኘና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ይዟቸው መጣ። አባባ ተሰማ ይባላሉ። አንድም ጥርስ የላቸውም፣ እማዬ ዳቦውን በወተት አርሳ ነው ያቀረበችላቸው።

«እስቲ አባባ፣ እንዴት እንደሚሄዱ ያሳዩኝ» አለ ዳንኤል።

«ምን ጠፋ?»

«ምንም፣ ለትምህርት ነው።»

«ታዲያ ምን ፍለጋ ልሂድ ልጄ? እንዲሁ አይነሳም።»

«መድኃኒቱ አልቆ ነው» አልኩ እኔ።

«ማትሪክ የጣላት ዳኛ ፈረደች» አለ ዳንኤል፣ ሽማግሌውም በድዳቸው ሳቁ።

እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። «እኔ ጠፍቶብኛል አባባ» አለች።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ልጄ።»

የዳንኤል እስክሪብቶ ቆመ። «እቴቴ፣ ይሄ ለዕቃ ነው፣ ለሰው አይሆንም፣ ተዪው» አላት።

ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሻቸውን ነው፣ አጥብቀው ያሸታሉ፣ ከዚያ ከወንበሩ ወርደው በጉልበታቸው መሄድ ጀመሩ። ሳሎን ያለውን የዳንኤልን አልጋ አሸተቱና አለፉት፣ እመኑኝ፣ ያኔ ትንፋሼ መለስ አለ። ወደ ከሰል ማስቀመጫዋ ክፍል ገቡ። ያቺ ክፍል ጣሪያዋ ሳያፈስ በፊት፣ ግርማ በተወሰደ ጊዜ፣ ዳንኤል የሚተኛባት ነበረች፣ በእንቅልፉ ጥርሱን ሲያፋጭ በኮምፔንሳቶው ግድግዳ አልፎ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ሽማግሌው የከሰሉን ጆንያ በትከሻቸው ገፉና ባዶው ሲሚንቶ ላይ፣ አልጋው በነበረበት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኮራምተው ተጋደሙ።

አውሮፕላን ተነሳ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ድምፁ ራቅ ሲል ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ጥርስ ይፋጫል። ጎንበስ ብዬ አየኋቸው፣ አፋቸው ገጥሟል፣ መንጋጋቸው አይንቀሳቀስም፣ ደግሞስ በየትኛው ጥርሳቸው? እማዬ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ፣ ሰምታለች ማለት ነው።

ሲነቁ «የት ነው ያለሁት?» ብለው ውሃ ለመኑ። «አያችሁ፣ ባዶ ክፍል፣ አይሠራም» አለ ዳንኤል፣ እንደዚያው ብሎ ጻፈ፣ ጥሩ ማርክም አገኘበት።

የአልጋው እግር ምልክት ሲሚንቶው ላይ አለ፣ እሱን አይተው ነው እላለሁ፣ ግን ጆንያው ሸፍኖት ነበር። ጥፋተኛ ቢሆን በገዛ እጁ ያመጣቸዋል ወይ እላለሁ፣ ግን እማዬ ያን እንደምትናገር በምን ያውቃል? የጥርሱን ድምፅ ግን ምን እንደምለው አላውቅም።

ዳንኤል አሁን ተመርቆ ሥራ ይዟል፣ ለበዓል ይመጣል፣ እማዬም እንደ ድሮው እሱን አስቀድማ ታጎርሰዋለች። እሱ ማላመጥ ሲጀምር እሷም እኔም ማላመጥ እናቆማለን።

«ብሉ እንጂ፣ ምን ሆናችኋል?» አለን በቀደም።

«እየበላን ነው» አለችው እማዬ።