ያልተመታው ቦክሰኛ

ሬሳው በጀርባው ተዘርግቶ፣ ሁለት እጁ ቀይ ጓንት ውስጥ እንደገባ፣ የኮኪቱን የሰሊጥ መጋዘን ጣሪያ አፍጥጦ ያያል። ኢንስፔክተር ስርጉት ከገንዳ ውሃ ከተማ ስትደርስ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ቆርቆሮው ግን መጋል ጀምሯል። ውጭ የተሰበሰበው ሰው ለሟቹ ከማልቀስ ይልቅ ለገዳዩ የቸኮለ ይመስላል። ግማሹ ዱላ ይዟል። አንዱ ሸንኮራ እየመጠጠ «አውጡልን!» ይላል።

የሟቹ ስም እንግዳው ነው፤ ሀገሬው ግን «ኸዋጃው»፣ ፈረንጁ፣ ይለው ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከዚሁ ከኮኪት ተነስቶ፣ ሱዳንን፣ ሊቢያንና ባሕሩን አልፎ ዌልስ ገባ። እዚያ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ሆኖ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተጋጠመ። ስሙን ያስጠራው የጡጫው ጉልበት አልነበረም። ጡጫው ሲደርስ እሱ እዚያ አይገኝም፤ ይኸው ነበር ጥበቡ። የተሸነፈው አራት ጊዜ ነው፣ አራቱንም በነጥብ። አፍንጫው እናቱ እንደወለደችው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ተመልሶ በመጋዘኑ አንድ ጎን የቦክስ መፋለሚያ ገመድ ዘረጋ፤ ጫኝና አውራጆችን ያሠለጥናል፣ እዚያው ያድራል።

የመጋዘኑ ባለቤት ስሜነህ፣ የጎንደሩ ባለሀብት፣ በሩ ላይ ተቀበላት።

«ድካም አላበዛብሽም እህቴ። ገዳዩ ተይዟል፣ አምኗልም። ኸላስ፣ አለቀ!»

«ማን ነው?»

«ምንይችል፤ የእኔ ጫኝ፣ የሱ ተማሪ። ትናንት ሊመሽ ሲል እዚህ ሲጋጠሙ በዓይኔ አይቻለሁ። አገጩን በቡጢ አለው። ወደቀ፣ ማጅራቱ ከወለሉ ተጋጨ። በቃ።»

«ከመጀመሪያው ነበሩ?»

«እኔ መቼ ከመጀመሪያው እመጣለሁ? ፍልሚያው ሲሞቅ ብቅ እላለሁ፣ ሲበርድ እሄዳለሁ።»

ከጀርባው ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እሁድ ምንይችል ከሱዳኑ ገዳሪፍ ከሚመጣ ቦክሰኛ ጋር ይጋጠማል። ከሁለቱ ቦክሰኞች ፎቶ የስሜነህ ፎቶ ይበልጣል።

ስርጉት ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። አገጩም ንጹሕ ነው። ከኋላ ግን የራስ ቅሉ ተሰብሯል። በባዶ እግሩ መዳፍና በደም በራሰው ጸጉሩ ላይ የሰሊጥ ፍሬ ተለጣጥፏል። የመፋለሚያውን ወለል በቡጢዋ መታችው፤ እጇ ሰመጠ። ከሸራው ሥር የሰሊጥ ጭድ የታጨቀበት ጆንያ ነው። «የእኔ ፍራሽ ከዚህ ይጠነክራል» አለች ለራሷ። የጓንቱን ማሰሪያ ፈትታ ሳበችው። ውስጡ ባዶ እጅ ነበር።

ምንይችል የፖሊስ ፒክ አፕ ውስጥ እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። በር የሚያህል የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነው።

«ገደልከው?»

«አዎ… መሰለኝ።»

«መሰለኝ ተብሎ ሰው ይገደላል?»

«ጋሽ ስሜነህ ናቸው የነገሩኝ። እሳቸው አይተዋል፤ እኔ ግን ትናንትን አልይዘውም። እዚህ ጋ ከተመታሁ ወዲህ» አለ ጆሮ ግንዱን በታሰረ እጁ እየነካ፣ «ቀኑ እየተቆራረጠ ነው የሚመጣልኝ። አንዳንዴ የገዛ ቤቴ ይጠፋኛል።»

«እንግዳው ይህን ያውቅ ነበር?»

«ጎንደር ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ እሱ ነው። ‹ስድስት ወር ጓንት እንዳትነካ፤ እሁድ የሚባል ግጥሚያ የለም፣ ለስሜነህ ራሴ እነግረዋለሁ› አለኝ። ያለኝ ትናንት ነው? ወይስ ሐሙስ?» አቀረቀረ። «ይቅርታ፣ እርስዎን አደከምኩ።»

ስርጉት ጥርሷን ነከሰች።

የሟቹ ታላቅ እህት ውድነሽ፣ ሰሊጥ ከምታበጥርበት ወንፊት አጠገብ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች።

«ያን በሬ ስቀሉልኝ! ወንድሜ ቀልቦ ያሳደገው በሬ ወጋው!»

«እታለም፣ ገመዱ ላይ የተሰጣውን የእጅ ፋሻ ማን ነው የሚያጥበው?»

«ሰው ሞቶብኝ ስለ ፋሻ?»

«ስለ ፋሻ።»

«እኔ ነኝ እንጂ ማን ያጥባል! ያለ ፋሻ ጓንት ማጥለቅ ለሱ ያለ ሱሪ ቤተ ክርስቲያን መግባት ነው። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ‹ልምምዱ አብቅቷል› ብሎ ሁሉንም ሰጠኝ። አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ የሱን ወገን ጠርጌ ሄድኩ። ይኸው አንድም አልጎደለም።»

ስርጉት ሰሊጥ የሚመዘንበትን የሚዛን ክፍል ከፈተች። ወለሉ ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ አለ፤ የጆንያ መግፊያ ጋሪም ቆሟል። የሚዛኑ ብረቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። አንዱ ብቻ ታጥቧል።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። «ሰውዬው አምኗል አይደል? አምስት ሰዓት ላይ ወደ ጎንደር ይላክ። ሕዝቡ በር ሊሰብር ነው።»

«እስከዚያ ይበቃኛል፣ ጌታዬ።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም ገመዱ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ከግድግዳው አዲስ ጓንት አውርዳ ለስሜነህ ዘረጋችለት።

«አቶ ስሜነህ፣ እንዴት እንደመታው እስቲ ያሳዩን።»

ስሜነህ ደስ እያለው ባዶ እጁን ጓንቱ ውስጥ ከተተና አየሩን ሁለቴ ደበደበ። «እንዲህ!»

«እናመሰግናለን። ካቴናውን ፍቱለት። ምንይችል፣ አንተም ልበስ።»

ምንይችል ሌላ ጓንት ተቀብሎ ብብቱ ሥር አደረገና ወደ ገመዱ ሄደ። ፋሻ አወረደ። አውራ ጣቱን አሰረ፣ አንጓውን ዞረ፣ በጣቶቹ መካከል አሳለፈ። ምን እንደሚያደርግ የሚያስብ አይመስልም። ሲጨርስ ብቻ ሁሉም እንዳፈጠጡበት አየ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም» አለች ስርጉት። «አሁን ስሙኝ። እንግዳው አገጩን አልተመታም፤ ፊቱ ይመሰክራል። በዚህ ጭድ ላይ ወድቆም ቅል አይሰበርም። ጸጉሩና እግሩ ላይ ሰሊጥ አለ። ይህ ወገን ተጠርጓል፤ ሰሊጥ የፈሰሰው ሚዛኑ ክፍል ነው። እዚያ ካሉት ብረቶች አንዱን ሰው አጥቦታል። እንግዳው የሞተው እዚያ ነው። ከዚያ በጆንያ ጋሪ ተገፍቶ እዚህ መጣ፣ ጓንትም ለበሰ፤ ያለ ፋሻ። ምንይችል ቢሆን ኖሮ ፋሻውን ያስር ነበር። እታለም ውድነሽ ሦስት ዓመት አጥባዋለች፤ እሷም አትስተውም። የሚስተው ፍልሚያው ሲሞቅ የሚመጣ ሰው ነው፤ ጓንቱን እንጂ ከውስጡ ያለውን አይቶ የማያውቅ።»

«ይሄ በሽተኛ ስሙን ይረሳል!» ጮኸ ስሜነህ። «ፋሻውንም ረስቶት ነው!»

«ራሱ ሊረሳ ይችላል። እጁ ግን አልረሳም፤ አሁን አየኸው።» «እርስዎ» ማለቱን ያን ጊዜ ተወችው። «መርሳቱንማ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። ለዚህ ነው ‹አንተ ገደልከው› ብለህ የነገርከው። የታመመ ራስ ውስጥ የራስህን ወንጀል አስቀመጥክ!»

ስሜነህ ጓንቱን ከእጁ ሊያወጣ ታገለ፤ እንቢ አለው።

«ማስታወቂያ እስከ ጎንደር ለጥፌ! ሰው ጠርቼ! እሱ ምን አለኝ? ‹ሰሊጥ ላክ፤ የታመመ ሰው ግን ለእሁድ ግጥሚያ አትልክም› አለኝ! በገዛ መጋዘኔ! ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ!»

«ሠላሳ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ያቃተውን አንተ ከጀርባ ቻልክ» አለች ስርጉት። «ውሰዱት። ጓንቱን እንደለበሰ። ሰዉም ይየው።»

ሲያወጡት ሸንኮራ ሲመጥጥ የነበረው ሰውዬ ዱላውን ከኋላው ደበቀ።

ምንይችል ግን ገመዱ ዘንድ እንደቆመ ነው። ፋሻ የታሰረ እጁን ያያል።

«እና እኔ… አልመታሁትም?»

ስርጉት ልትመልስ ስትል ውድነሽ ቀደመቻት። ተነስታ ሸሚዙን በሁለት እጇ ጨመደደችው፤ ቁመቷ ከደረቱ አያልፍም።

«አንተ? አንተ እንግዳውን ልትመታ? ዌልስ በሙሉ ተሰልፎ ያላገኘውን አንተ ጎታታው ልታገኘው?» ድምጿ ተሰበረ፤ ሸሚዙን ግን አለቀቀችም። «አልመታኸውም! ነገ ከረሳኸው መጥተህ ጠይቀኝ። ከነገ ወዲያም ጠይቀኝ። በሬን አንኳኳ፣ እነግርሃለሁ።»