ለስድስት ሰው የተያዘ ክፍል

«እማዬ፣ ክፍል ለስድስት ሰው አስይዞ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላ ልጄ ጠየቀችኝ።

ሌባ እንዳይሆን ብቻ ፈራሁ።

እኔና ልጄ የምንሠራው አንድ ቦታ ነበር። ሕንፃው በጣም የቆየ ነው፤ ሊፈርስ ደርሶ ነው የታደሰው። ፎቅ ላይ ያሉት ቢሮዎች በወር፣ ምድር ላይ ያሉት የስብሰባ ክፍሎች በሰዓት ይከራያሉ። ልጄ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታከራያለች። እኔ ወንበር እደረድራለሁ፣ ብርጭቆ አቀርባለሁ፣ ሰዎቹ ሲወጡ አጸዳለሁ።

ሰውዬው ማክሰኞ ማክሰኞ በአራት ሰዓት ይመጣል። ስድስት ብርጭቆ አስቀምጣለሁ፤ ሲወጣ አምስቱ እንደደረቁ ናቸው። የራሱም ቢሆን ግማሽ አይጎድልም። ልጄ ቁልፍ ስትሰጠው ደግሞ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። እናት ነኝና ይሄ አላመለጠኝም።

በአራተኛው ማክሰኞ አላስቻለኝም። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ገባሁና «የኔ ልጅ፣ ሰዎችህ የት ቀሩ?» አልኩት።

ብድግ አለ። «ሰው የለኝም፣ እማማ። የአንድ ሰው ክፍል ብላት ትንሹ የስድስት ነው አለችኝ።»

ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። አናጢ ነው። ሕንፃው ሲታደስ መስኮቶቹን ያበጀው እሱ ነበር። አንድ ቀን ልጄ የዚህን ክፍል መስኮት መዝጋት አቅቷት ስትታገል አይቶ በመላጊያ ላገላት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሌላ የማይዘጋ መስኮት ታገኝ ጀመር። ሥራው ሲያልቅ ግን ዘበኛው ከተከራይ በቀር ሰው አላስገባም አለው።

«ታዲያ ተከራየሁ» አለኝ።

«ለኪራዩ ከምታወጣ አበባ ብትገዛላት አይሻልም?»

«አበባውን ይዤ በየት በኩል ልግባ?»

ሳልወድ ሳቅሁ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ መልኩን ቀየረ እንጂ። ልጅን ከሌባ ያስጥሏታል። ከደህና ሰው እንዴት አድርገው ያስጥሏታል? ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን።

ወራት አለፉ። አንድ ማክሰኞ ክፍሉን የያዘው ሰው የለም። ልጄን ብጠይቃት ቁልፎቹን እያስተካከለች መለሰችልኝ። ሩቅ ከተማ ሌላ አሮጌ ሕንፃ ሊያድስ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ይሄዳል፤ ተጋብተን አብረን እንሂድ ብሏት እምቢ ብላዋለች።

«ለምን?» አልኳት።

ዓይኗ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ሲያመኝ በሞቀ ውሃ የምታሸኝ እሷ ናት።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ምግብ ስታቀርብልኝ፣ ልብስ ስታጥፍ፣ ሥራ ስትሄድ አየኋት። ልጄ ሳቋን ትታ ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሽርጤን አውልቄ፣ የክት ጫማዬን አድርጌ፣ እንደ ደንበኛ ጠረጴዛዋ ፊት ቆምኩ።

«ክፍል ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ተከራይ ነኝ። ትንሹን፣ ከአራት ሰዓት ጀምሮ።»

ልትስቅ ጀምራ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለስንት ሰው?»

«ለስድስት። የሚመጡት ሁለት ናቸው።»

አናጢውን ስልክ ደውዬ ጠርቼዋለሁ፤ ለዘበኛውም እንግዳዬ ነው ብዬዋለሁ። በሰዓቱ መጣ። ሁለት ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ልጄን እጇን ይዤ አስገባኋትና፣

«ይሄ ጉልበት አንቺ ብትቀሪም ያመኛል» አልኳት። «ለሱ ሐኪም አለኝ። በኔ የተነሳ እንዲህ ሆነሽ ሳይ ለሚያመኝ ግን ሐኪም የለኝም።»

በሩን ዘግቼ ውጭ ተቀመጥኩ። ቆይቶ መስኮቱ ሲከፈት ሰማሁ፤ እንደ ድሮው አላስቸገረም።

ሰዓቱ አልቆ ሲወጡ ገብቼ አየሁ። ሁለቱም ብርጭቆዎች ባዶ ነበሩ።

በወሩ መጨረሻ ተጋቡ። እነሱ ሄዱ። እኔ እዚሁ ቀረሁ።