ዳቦ የጾመበት ሁዳዴ

ከመጀመሬ በፊት ማንነቴን እወቁልኝ። እኔ ጥላ አይቼ የምደነግጥ፣ ሕልሜን ይዤ ፈቺ ፍለጋ የምዞር ሰው አይደለሁም። ባደግሁበት መንደር ላም ብትነጥፍም፣ ሰው ራሱን ቢያመውም ምክንያቱ አንድ ነበር፣ የአንዲት ምስኪን ሴት ዓይን፣ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠላው ኖሬአለሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ የቀረውን ራሴን በራሴ ያስተማርኩት እዚሁ አሜሪካ፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነው፣ እናም ያልገባውን ነገር ሁሉ መንፈስ ነው የሚል ሰው ማንበብ የሰነፈ ሰው ነው እያልኩ ስንቱን ገሥጫለሁ። ይህንንም የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ብቻዬን መያዙ ስለደከመኝ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁለት መኝታ ክፍል ባለው አፓርትመንት፣ ከልጄ ከቤተልሔም ጋር ነው። እናቷ ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት። ቤቲ ሃያ ዓመቷ ነው፣ ትማራለች፣ ትሠራለች፣ አስቸግራኝም አታውቅም፣ ባለፈው ጥር ግን እኔ ወደ ሥራ ልሄድ ጫማዬን ሳስር፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ የፕላስቲክ ሳጥን እንደታቀፈች ገባች።

"አባዬ፣ ፕሊስ እንዳትጮህ።"

"ምንድን ነው?"

"ቦል ፓይተን ነው። ምንም አያደርግም፣ ፕሮሚስ። ሀያትስቪል የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ሙቭ እያደረገ ነው፣ አዲሱ አፓርትመንት አልፈቀደለትም። ስሙ ዳቦ ነው።"

"ዳቦ?"

"እየው እስቲ፣ ሲጠቀለል ድፎ አይመስልም?"

ክዳኑን ከፈተችው። እንደ ክንዴ የወፈረ፣ ቡናማና ጥቁር፣ በራሱ ላይ የተጠቀለለ ዘንዶ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ድፎ ይመስላል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሔዋንን ያሳተ ፍጥረት በጣሪያዬ ሥር አያድርም አልኳት፣ ወይ እሱ ወይ አንቺ አልኳት፣ በዚህም ባበቃ ጥሩ ነበር፣ "እናትሽ ብትኖር ታፍርብሽ ነበር" ብዬ ጨመርኩበት። ቤቲ ሳጥኑን እንደታቀፈች ክፍሏ ገባች። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ልብሷን ጭና አሌክሳንድሪያ እህቴ ቤት ገብታለች። እህቴ አልማዝ ደግሞ እንዲህ ብላ ደወለችልኝ፦ "ጋሼ፣ ልጅቷን በደስታ! እሱን ይዛብኝ ከመጣች ግን ከቤት የምወጣው እኔ ነኝ!"

እንግዲህ ፍርዴን ተመልከቱት፣ ይውጣ ያልኩት እባብ ቤቴ ቀረ፣ ያሳደግኋት ልጄ ወጣች።

ቤቲ ለሁለት ሳምንት አላናገረችኝም፣ በኋላ ስትደውል ድምጿ የባንክ ሠራተኛ ድምፅ ነበር። "አባዬ፣ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፌልሃለሁ፣ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ አለ። ለፋሲካ እመጣለሁ። ደህና ሆኖ ካገኘሁት ቤቴ እመለሳለሁ። ካላገኘሁት ግን እኔ የምወደውን ነገር መያዝ አትችልም ማለት ነው፣ ዛትስ ኢት፣ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።" እሺ አልኩ። ያን ቀን እሺ ከማለት ሌላ ምን አቅም ነበረኝ?

ወረቀቱ ግልጽ ነበር። ክፍሏ ውስጥ ባስቀመጠችው የመስታወት ሣጥን አንድ ጎን መብራቱ ሁልጊዜ እንዲሞቅ፣ ውሃው በየቀኑ እንዲቀየር፣ ክዳኑ በአራቱም መቆለፊያ እንዲዘጋ፣ ከፍሪዘር አንድ አይጥ ወጥቶ በሙቅ ውሃ እንዲሟሟና በረጅም መቆንጠጫ በየአሥር ቀኑ እንዲሰጠው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በወጥ ቤት ሚዛን ተመዝኖ ደብተር ላይ እንዲጻፍ። እኔ ሥራ ከያዝኩ እይዛለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አይጦች ራሴ ሰጠሁት፣ አነጣጥሮ ሲወረወር መቆንጠጫውን ልጥል ደረስኩ፣ ቢሆንም ሰጠሁት። የዓቢይ ጾም ዋዜማ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ግራም መዘነ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ጾሙ ሲገባ እኔ ሽሮ በምሠራበት ቤት፣ ድስቴን በማጥብበት ገንዳ ሥጋ እየሟሟ ሊቀመጥ ነው? ሚስቴ በነበረችበት ጊዜ በሁዳዴ ቅቤ የነካው ማንኪያ እንኳ ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። አነበብኩ፣ እንዲህ ዓይነቱ ዘንዶ ለወራት ሳይበላ ይቆያል ይላል፣ ጥሩ፣ እንግዲያውስ በእኔ ቤት የሚኖር ከእኔ ጋር ይጾማል አልኩ። አሥራ አንድ አይጦች የቀሩበትን ከረጢት በማሸጊያ ፕላስተር ጠቅልዬ ፍሪዘሩ ውስጥ ከኋላ አስገባሁት። ቤቲ ደውላ "በላ?" ስትለኝ "በላ" አልኳት። ለሥጋ የዘጋሁትን አፍ ለውሸት ከፈትኩት፣ ስንት ሰው በዚህ ስወቅስ እንደኖርኩ እኔ አውቀዋለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ መዘነ። ውሃ ጠጥቶ ነው አልኩ። በሁለተኛው አንድ ሺህ ሦስት መቶ አለፈ። የሚዛኑን ባትሪ ቀየርኩ፣ ባለ ኪሎ ስኳር አስቀመጥኩበት፣ ልክ ኪሎ አለኝ። በሦስተኛው ሣጥኑን ሳጸዳ ኩሱን አገኘሁ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ያልበላ እንስሳ አዲስ ኩስ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ አጫጭር ሽበት። የአይጥ ፀጉር ነው አልኩ። አይጦቹ ነጭ ናቸው፣ ከረጢቱ ግን እንደታሸገ ነው፣ አሥራ አንዱም አሉ፣ ከላይ እየዳሰስኩ ቆጠርኳቸው።

እኔ ሌሊት ስለምሠራ የምተኛው ቀን ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወፍራሙን መጋረጃ ዘግቼ። በአራተኛው ሳምንት ግድም በእንቅልፌ መሐል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መስማት ጀመርኩ፣ አራት ጊዜ፣ ልክ እንደ ክዳኑ አራት መቆለፊያዎች፣ ቀጥሎም ጋቢ ወለል ላይ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ነገር። ተነሥቼ ቤቲ ክፍል ስሄድ ክዳኑ ዝግ ነው፣ ከላዩ ያስቀመጥኩት መዝገበ ቃላትም ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም፣ ዳቦ ተጠቅልሎ ምላሱን ያወጣል ያገባል። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ "ጋሽ ታደሰ፣ ምነው ከሱ፣ ጾሙ በረታብዎ እንዴ?" አለኝ። ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገብቼ ነበር። እኔም ጾሙ ነው አልኩ፣ አሁንም ጾሙ ሊሆን ይችላል፣ እኔ አይደለም አላልኩም።

አንድ ጠዋት የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፣ ከሣጥኑ ሥር ጀምሮ በመተላለፊያው አልፌ እስከ አልጋዬ ድረስ ዱቄት ነስንሼ ተኛሁ። ስነቃ ከሣጥኑ ሥር ያለው አልተነካም፣ የመተላለፊያውም አልተነካም። በአልጋዬ ግራ በኩል ግን አራት ጣት የሚሰፋ ለስላሳ መንገድ ዱቄቱን አልፎታል፣ ከአልጋው ሥር ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ አልጋው ሥር የሚገባ። ተንበርክኬ አየሁ፣ ከሚስቴ ሻንጣ በቀር ምንም የለም።

ከዚያ በኋላ ጸሎተ ሐሙስ መጣ። ከሥራ ስገባ ጥቂት አርፌ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነበር፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እንቅልፍ ጣለኝ። ሰባት ሰዓት ግድም ይመስለኛል፣ ያው ቀጭ የሚለው ድምፅ አራት ጊዜ ተሰማኝ፣ ልነሣ አልኩ፣ አልቻልኩም፣ ከዚያ በግራ ክንዴ ላይ ክብደት አረፈ። ስሙኝ፣ አልፈራሁም፣ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ። ቤቲ ሕፃን ሳለች ከሥራ ስመለስ ክንዴ ላይ እንዲሁ ነበር የምትተኛው፣ ያው ክብደት፣ ያው አተነፋፈስ። የስንት ዓመት ድካሜ በክንዴ በኩል ቀስ እያለ ሲወጣ ተሰማኝ፣ ይውጣ አልኩ፣ በልቤም "ቤቲ፣ ተመለስሽ?" አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ ማንም የለም። ክንዴ ደንዝዞ፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ከወዲያኛው ክፍል እንደገና አራት ጊዜ ቀጭ አለ። ሄጄ ዳቦን አውጥቼ መዘንኩት፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት።

የፋሲካ ዕለት ቤቲ መጣች፣ አልማዝም ተከትላት እስከ በሩ ድረስ ብቻ መጣች። "ጋሼ! እንዲህ መክሳት ምንድን ነው? ጾሙ ነው ወይስ እባቡ ነው የበላህ?" ብላ በራሷ ቀልድ ሳቀች። ቤቲ ሮጣ ሄዳ መዘነችው፣ ደብተሩን አየች፣ ከዚያ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ አቅፋኝ አታውቅም። "አባዬ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ እንዴት አሳምረህ ያዝከው!"

እዚያው ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። "ቤቲ፣ ዋሽቼሻለሁ፣ ጾሙን ሙሉ አንድም አይጥ አልሰጠሁትም" አልኳት፣ የታሸገውንም ከረጢት አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። ከረጢቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሳቀች።

"ሌላ ገዝተህለት ነው፣ አይደል? ወደድኩት ላለማለት እኮ ነው! አባዬ፣ ዩ አር ሶ ፈኒ።"

ሮክቪል ያለ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰደችው፣ ሐኪሙም በደንብ የተመገበ ነው፣ እንዲያውም ቀንሱለት አላት። ከዚያ በኋላ ማን ይመነኝ? በዕድሜዬ ለልጄ ከተናገርኋቸው እውነቶች ሁሉ የከበደኝን ተናገርኩ፣ እሷ እንደ ትሕትና ቆጠረችልኝ። ዕቃዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ዳቦ በመቆንጠጫ የሰጠችውን አይነካም። "ሪላክስ አባዬ፣ እነሱ አንዳንዴ እንደዚህ ናቸው" ትለኛለች። ሚዛኑ ግን ይጨምራል። የእኔ ቀበቶ ወደ ቀድሞ ቀዳዳው ተመልሷል። ባለፈው ቅዳሜ ከፈተና መጥታ ቀን ተኛች፣ እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ አራት ጊዜ ቀጭ ሲል ሰማሁ፣ ሮጬ ስደርስ ክዳኑ ዝግ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግራ ክንዷን እያሸች ወጣች፣ ሱሪዋ ከወገቧ ሲወርድ በሌላ እጇ ይዛዋለች።

"አባዬ፣ ክንዴ ደነዘዘ፣ ተኝቼበት መሰለኝ። ሰሞኑን ደግሞ ዝም ብሎ ይደክመኛል።"

እባቡን አውጪው ማለት ነበረብኝ? አንድ ጊዜ ብዬው አይቻለሁ፣ የሚወጣው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እህሏን አቀረብኩላት፣ ብይ አልኳት፣ እስክትጨርስ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ከዚያ፣ "ስሚ፣ የዳቦን ሣጥን እኔ ክፍል እናድርገው፣ እኔ ጋ ሙቀቱ ይሻለዋል" አልኳት።

ፊቷ በራ። "አየህ! ወደድከው አይደል?"

"ወደድኩት" አልኳት።

ሣጥኑን ያን ዕለት አብረን ተሸክመን ወደ እኔ አዛወርነው፣ ከባድ ነበር። አሁን ጠዋት ከሥራ ስገባ መጋረጃውን እዘጋለሁ፣ ጸሎቴን አደርሳለሁ፣ ከዚያም ግራ ክንዴን ከብርድ ልብሱ ውጭ ዘርግቼ እተኛለሁ።