ሦስተኛው ሴል የሳበው አየር

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። ማመን ያቃተው ይተወው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ጉበት በአፌ አይዞርም።

የካቲት ውስጥ ነው፣ ሐሙስ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል። የምሳ ሰዓታችን ነው። ቦታው ደግሞ በዴንማርክ ምዕራብ፣ ከባሕሩ ብዙ የማይርቅ ትንሽ የሙከራ ጣቢያ።

የምንሠራው ሁለት ሰዎች ነን። እኔ ሊስቤት፣ ቱቦና መለኪያ የምቆጣጠረው። ሌላው ፍሌሚንግ፣ የሴሉ አባት ብትሉት ይቀላል።

ሴል የምለው እንደ ብስኩት የሳሱ የሸክላ ሳህኖች ድርድር ነው። ብዙ ሆነው ተደራርበው፣ ከሰባት መቶ ዲግሪ በላይ በጋለ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣሉ። በአንድ ፊታቸው እንፋሎት ገብቶ ሃይድሮጅን ሆኖ ይወጣል። በሌላው ፊታቸው ከውጭ የሳብነው አየር ያልፋል።

ጣጣው ያለው አየሩ ላይ ነው። ጨው ይሁን ድኝ፣ ይዞት የመጣው ቆሻሻ ሁሉ ኤሌክትሮዱ ላይ፣ ማለትም አየሩ በሚያልፍበት የሳህኑ ፊት ላይ፣ ይጋገራል። ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ሴሉ ለዚያው ሥራ ተጨማሪ ቮልቴጅ ይጠይቃል። ነገም ይጨምራል፣ ከነገ ወዲያም... ከዚያ ይሞታል።

ሁለት ሞተውብናል። ስንከፍታቸው ኤሌክትሮዳቸው እንደ ሻገተ ዳቦ ነጭ ለብሶ ነበር። ሦስተኛው እስከ ፀደይ ካልቆየ ጣቢያው ይዘጋል ተባልን።

ፍሌሚንግ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በዚህ ሥራ ነው። ከዚህ ከወጣ ማን ይቀጥረዋል?

የባሕሩ ጨው ነው የገደላቸው ብለን የአየር ማስገቢያውን ቱቦ አዞርነው። ከባሕሩ ወደ ኤይቪን ማሳ።

ኤይቪን ጎረቤታችን ነው። ድሮ ሚንክ ያረባ ነበር፤ ፀጉሯ ለካፖርት የምትፈለግ ቀጭን አውሬ ናት። በኮሮናው ዓመት የአገሩ ሚንክ ሁሉ ሲገደል የእሱም ተገደሉ። ማሳው ውስጥ ተቀበሩ።

ሽታው የጀመረው ቱቦውን ባዞርን በሳምንቱ ነው።

እኛ አገር ገጠሩ ሸተተ ብሎ ማማረር ነውር ነው። አሳማው አለ፣ ፍጉ አለ። ሰው አፍንጫውን እንኳ ሳይነካ «ንጹህ የገጠር አየር» ይልና ያልፋል። እኛም እንደዚያው አልን። ቮልቴጁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወጣ፣ እኛ ንጹህ የገጠር አየር እያልን ሳምንታት አለፉ። አሁን ሳስበው ንድድ ይለኛል።

የዚያን ሐሙስ ጥቁር ዳቦዬ ላይ የተፈጨ ጉበት ቀብቼ ልጎርስ ስል ሽታው አፌ ውስጥ ገባ።

የፍግ ሽታ አልነበረም። የረጠበ ፀጉር... ሞቅ ያለ... ጣፋጭ። ምላሴ ላይ እንደ ስብ ተለጠፈ። ዳቦውን መለስኩት።

«አይሸትህም?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ምኑ?» አለ ፍሌሚንግ፣ እያኘከ።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ድኝ ያለበት ጋዝ ሲበዛ መጀመሪያ የሚገድለው አፍንጫን ነው። ፍሌሚንግ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቱቦው ሥር ነው የሚቀመጠው።

ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን የአየር ማጣሪያ ልቀይር ተነሳሁ። ክዳኑን ስከፍት ቢጫ ቅባት ጓንቴ ላይ ተዝለገለገ። ትናንት በእጄ የቀየርኩት ማጣሪያ ነው። ቅባቱ ውስጥ ፀጉር ነበረበት። ነጭ፣ አጭር፣ ለስላሳ።

ጓንቱን አውልቄ በበሩ ወደ በረዶው ወረወርኩት።

ነውሩን ትቼ ኤይቪን ቤት ሄድኩ። በእንጨት ጫማው ወጣ። ነገሩን ስነግረው አልተቆጣም፤ ወደ መቃብሩ ወሰደኝ።

ባዶ ጉድጓድ ነው። አሸዋና የረጋ በረዶ ብቻ።

የተቀበሩት ሲበሰብሱ በጋዝ አብጠው አፈሩን ገፍተው ወጥተው እንደነበር ነገረኝ። ስለዚህ ተቆፍረው በመኪና ተጫኑ፣ ምድጃ ገቡ። እሱ ራሱ ቆሞ አይቷል። አንድም የቀረ የለም።

ነፋሱ ከጉድጓዱ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ምንም አይሸትም።

«የእናንተ ምድጃ ስንት ዲግሪ ነው?» አለኝ።

«ከሰባት መቶ በላይ።»

ወደ ጉድጓዱ ዞሮ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እነሱንም ያቃጠሏቸው በዚያው ገደማ ነው» አለና ደህና ዋይ ሳይለኝ ወደ ቤቱ ገባ።

ስመለስ ፍሌሚንግ ስክሪኑ ላይ ተደፍቷል።

«ሊስቤት... ወረደ» አለ በሹክሹክታ።

እውነትም ቮልቴጁ ወርዷል። ያን ያህል የተመረዘ ሴል እንዲህ ሲያገግም አይቼ አላውቅም። ቱቦውን ዛሬውኑ እንመልሰው ብዬ ለመንኩት፤ አልሰማኝም። በማግስቱም ወረደ። በሳምንቱ ከአዲስ የተሻለ ይሠራ ጀመር። እኔ በየጠዋቱ ያንን ቢጫ ነገር ከማጣሪያው እጠርጋለሁ፤ እሱ ያፏጫል።

ፀደይ ሲገባ ሴሉ አልሞተም። አለቆቹ መጡ፣ ኬክ በሉ፣ የፍሌሚንግን እጅ ጨበጡ። ጣቢያው ይቀጥላል አሉ። አንድ ሳህን ብቻ ወጥቶ እንዲመረመር አዘዙ።

ምድጃውን አቀዘቀዝነው። አየሩን በቱቦው የሚስበውን ሞተር ራሴ ከሶኬት ነቀልኩት። ክዳኑን ከፈትን።

ኤሌክትሮዱ ጥቁር መሆን ነበረበት። ግን ነጣ ያለ ሮዝ ነበር።

መሀሉ ላይ አንዲት ነጭ ፀጉር ቆማለች። ወራት ሙሉ ከሰባት መቶ ዲግሪ በላይ በጋለ ምድጃ ውስጥ... አልተቃጠለችም። ረጥባለች።

በወረንጦ ይዤ ሳብኳት። አልመጣችም።

ጠንከር አድርጌ ስስብ ሳህኑ አብሯት ተነሳ። ላባዋ ሲነጭ እንደሚሳብ የዶሮ ቆዳ ተለጠጠ። ስለቀው ተመልሶ ረጋ። 

ፍሌሚንግ እጄን ያዘ።

«ተይው።»

«ፍሌሚንግ፣ ይሄ እኮ...»

«ይሠራል» አለ ጆሮዬ ሥር። ትንፋሹ ያንኑ ይሸታል። ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ። «ዝጊው።»

ፊቴን አዞርኩ። ያየሁት ቱቦውን ነው፤ ጠዋት ስጠርግ የከፈትኩት የማጣሪያው ክዳን አልተዘጋም።

ሞተሩ ጠፍቷል። ገመዱ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

ማጣሪያው ግን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተሳበ...

ቆየት አለና... ወደ ውጭ ተነፋ።