በሞተ ስልክ ስም ሲጠራ

እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቀው ሰው ነበርኩ፣ ላሊበላ ተወልዶ ያደገ ሰው መቼም ስለ ድምፅና ስለ ጥላ ያልተነገረው የለም፣ አንዱ ባዶ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከበሮ ሰማሁ ይላል፣ ሌላው ዋሻው አፍ ላይ የቆመ መነኩሴ አየሁ ይላል፣ እኔ ግን «ንፋስ ነው፣ ጾም ነው» ብዬ የማልፍ ሴት ነበርኩ። እመኑኝ፣ ዛሬም አንድ ሰው መጥቶ «ሙሉ፣ የሰማሽው ንፋስ ነው» ብሎ ቢያሳምነኝ እግሩን እስም ነበር።

ያኔ የአንድ ትንሽ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፣ ኢንተርኔት ገና በስልክ መስመር እየተንጫጫ የሚገባበት ዘመን ነው። ደሳለ የሚባል አስጎብኚ ነበረን፣ ከጋሸና ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ዲቁና የተማረ ልጅ፣ ታዲያ አንድ የሚያስቀኝ አመል ነበረው፣ የፈረንጅ ስም እንዳለ አይጠራም፣ ፒተሩን ጴጥሮስ፣ ኤሊዛቤቷን ኤልሳቤጥ፣ ጆኑን ዮሐንስ ይላቸዋል፣ እነሱም ይወዱለት ነበር። ኋላ እንግዳ የጠፋበት ክፉ ጊዜ መጣና ደሳለ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። ሲሄድ ያስጎበኛቸውን ሰዎች የኢሜይል አድራሻ በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ፣ «ሙሉዬ፣ ድምፄ ከጠፋ ለእንግዶቼ ጻፊላቸው፣ ከመሃላቸው አንድ የሚያፈላልገኝ አይጠፋም» አለኝ። ከካርቱም አንዴ ደውሎ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ወደ ሊቢያ ሊነሳ መሆኑን ነገረኝ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም።

እናቱ እማማ ዝማም በየቅዳሜው ከገበያተኛው ጋር መኪና ላይ ተሳፍረው ይመጡ ነበር፣ የሚገዙትም የሚሸጡትም የላቸውም፣ በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ወሬ አለ?» ይላሉ፣ እኔም «የለም እማማ» እላለሁ፣ በቃ፣ ይህ ነበር ገበያቸው።

አንድ ቅዳሜ ግን እንዲህ ሆነው ሲመለሱ ማየቱ አንጀቴን በላኝና «ዛሬ ይደሩ፣ ለእንግዶቹ የምንጽፈውን እናዘጋጅ» አልኳቸው። ክረምት ነው፣ ዐውሎ ነፋስ የስልኩን ምሰሶ ከጣለ ሰንብቷል፣ ስልኩ ቢነሳ ጭጭ ነው፣ ነገር ግን ፍላሹ ላይ ያለውን ስም ወደ ኮምፒውተሩ የአድራሻ መዝገብ ለማስገባት መስመር አያሻም፣ መስመሩ ሲመለስ አንድ ደብዳቤ ለሁሉም ባንዴ ልልክ ነው ሐሳቤ። ጀምበር ጠልቃ ነበር፣ ሆቴሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም፣ እማማ ዝማም አጠገቤ ባለው ወንበር ጫፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳሉ ተቀምጠዋል።

ፍላሹን ሰካሁ፣ «አስገባ» የሚለውን ተጫንኩ፣ ስሞቹ አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ያዘግማል። ታዲያ አንድ ስም በገባ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ቅጭ ይላል፣ ጥፍር ጥርስ ላይ እንደማንኳኳት ያለች ትንሽ ድምፅ፣ መጀመሪያ የኮምፒውተሩ መስላኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ አይደለም፣ ስልኩ ነው። መስመሩ ተመለሰ ብዬ በደስታ አነሳሁት።

መስመር ሲኖር የሚሰማው ጩኸት የለም፣ አሸዋ በጨርቅ ላይ ሲንሸራተት የሚመስል ነገር ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከሱ ሥር ደግሞ የሰው ድምፅ፣ ዝግ ያለ፣ የደከመው።

«ጴጥሮስ» አለ።

ስክሪኑን አየሁ፣ ፒተር ገባ። «ኤልሳቤጥ» አለ፣ ኤሊዛቤት ገባች። «ዮሐንስ»፣ ልብ በሉልኝ፣ ድምፁ ነው የሚቀድመው፣ ማሽኑ ከኋላው ይከተላል። እንደዚያ ብሎ የሚጠራቸው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ፣ ማነው?» አሉኝ እማማ ዝማም።

«ማንም የለም እማማ፣ መስመሩ ነው» አልኩና ስልኩን ሳልዘጋው ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፣ ድምፁ ከዚያም ሆኖ ይሰማ ነበር። ስሞቹ አለቁ፣ ማሽኑ ጨረስኩ አለ፣ ድምፁም ጠፋ፣ እፎይ ብዬ ስልኩን ልዘጋው እጄን ስሰድ፦

«እምዬ» አለ።

እኛ አገር ያልታየ ሰው ሲጠራህ አቤት አትበል ይባላል፣ በዚህ እስቅ ነበር ያልኳችሁ እኔ፣ ያን ጊዜ ዘልዬ አፋቸውን ልይዝ እጄን ሰደድኩ፣ አልደረስኩም።

«አቤት!» አሉ ብድግ ብለው፣ «አቤት ልጄ! አለሁልህ! ወዴት ነህ?»

አሸዋው ቆመ። ስልኩ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። እማማ ዝማም ወደ እኔ ዞረው፣ ሳያለቅሱ፣ «ሰምተሻል አይደል? ጠራኝ እኮ» አሉኝ። «ሰምቻለሁ» አልኳቸው።

ኋላ መስመሩን ሊጠግን የመጣውን ባለሙያ በዚያ ቀን ድምፅ ሊያስተላልፍ ይችል እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀብኝ፣ «ሽቦው ተበጥሶ ገደል ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ በምን ይናገራል?» አለኝ። ደብዳቤውን ላክሁ፣ አብዛኛው አድራሻ አይሠራም ተብሎ ተመለሰ፣ ጥቂቶቹ እናዝናለን፣ ደግ ልጅ ነበር፣ ምንም አናውቅም ብለው ጻፉ።

እማማ ዝማም ግን መልሱን አልጠበቁም። በጎቻቸውን ለወንድማቸው ለአያ ሞላ ሰጥተው፣ በሶ ቋጥረው፣ «ጠርቶኛል፣ አቤት ብያለሁ፣ እንዴት እቀራለሁ?» ብለው ጋሸና ላይ ወደ ጎንደር በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈሩ። አያ ሞላ ኋላ ዱካቸውን ተከትሎ እስከ መተማ ሄዶ ብቻውን ተመለሰ፣ አየኋቸው የሚል ሰው አልተገኘም፣ ሬሳም አልተገኘም።

አያ ሞላና እኔ ዓመቱ ሲዞር የእናትና የልጁ ስም በጸሎት ይነሳላቸው ብለን የእማማ ዝማም ንስሐ አባት ዘንድ ሄድን። አባ የሁለቱን ክርስትና ስም ከሰሙ በኋላ መስቀላቸውን እንደያዙ ጥቂት አሰቡና፣ «ልጆቼ፣ ከመንገደኞች ጋር ላንሳቸው ወይስ ከሙታን?» ብለው ጠየቁን።

አያ ሞላ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት።

እንግዲህ እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ማለት ነበረብን?