ከነጩ ቀለም ሥር ያለው ቁጥር

ሊቀመንበሩ በማኅበሩ ክፍል ውስጥ ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። የመሰላሉ ሁለተኛ መርገጫ ከአንድ ወገን ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። መነጽሩ ከነክሩ አንገቱ ላይ ነው፤ ከጭንቅላቱ ሥር ሲሚንቶው ላይ ከመዳፍ የማይሰፋ ደም ረግቷል። ማክሰኞ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ብቸኛ ልጁ ከማተሚያ ቤት ሥራዋ ወጥታ አብራው ወደ ቤት ልትሄድ ጎራ ስትል አገኘችው። አልጮኸችም። ፖሊስ ጋ ደወለች፣ አድራሻውን ሁለት ጊዜ ሳትሳሳት ተናገረች፣ ከዚያ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስም እዚያው ነበረች። ኢንስፔክተሯ አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት፤ አንድ ጊዜ ያያት ሰው ሁለተኛ ሲያገኛት የት እንደሚያውቃት ይጠፋዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ወንጀለኛ ስትይዝ የኖረችው በዚሁ ፊት ነው።

«ምን እንደሆነ ትነግሪኛለሽ?» አለቻት።

«መሰላሉ ነው» አለች ልጅቱ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ አሠሪልኝ ሲለኝ ነገ ነገ ስል ነበር። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

የቤት ቁጥሯን እንደተጠየቀ ሰው ነበር የተናገረችው። ዓይኗ ደረቅ ነው። ኢንስፔክተሯ በሥራዋ ብዙ ለቅሶ ሰምታለች፤ ይህ ግን ከለቅሶ ይልቅ አስፈራት።

ጎንበስ ብላ የሟቹን ቀኝ እጅ አየች። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ትንሽ የጥጥ ቁራጭ ተጣብቋል። ጠጋ ብላ አሸተተችው።

«አባትሽ ጥፍሩን ይቀባ ነበር እንዴ?»

«አሴቶን ነው። ድንጋዮቹ ላይ ያለውን ቁጥር የሚያጠፋበት።»

«መሰላል ላይ ሆኖ?»

«ኧረ ጠረጴዛ ላይ ነው» አለች ልጅቱ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። የአሴቶኑ ጠርሙስ ተከድኖ ከጥጡ ጥቅል ጎን ቆሟል። የሚጠረገው ድንጋይ ግን የለም።

የድንጋይና ማዕድን ሰብሳቢዎች ማኅበር ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። በአንድ አሮጌ ሕንጻ ምድር ቤት ያለ አንድ ክፍል፣ አንድ ባለ መስታወት መደርደሪያና አራት ሰው ነው፤ በቃ። እሑድ እሑድ ሌላው ሰው እስኪረፍድ ሲተኛ እነሱ መዶሻና መሮ ይዘው ከአንዱ የድንጋይ ካባ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ያመጡትን ድንጋይ በጥርስ ብሩሽ ያጥባሉ፣ ነጭ ቀለም ጠብ አድርገው ቁጥር ይጽፉበታል፣ መስታወት ውስጥ ያስቀምጡና ቆመው ያዩታል። ጎረቤቶቹ ምን እንደሚያዩ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የቀሩት ጸሐፊ የሆነችው ፋርማሲስት፣ አንድ ሴራሚክ ሠሪና ምክትል ሊቀመንበር የሆነው የጥርስ ሐኪም ናቸው። ሦስቱም የክፍሉ ቁልፍ አላቸው። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ሰውየው የሞተው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው አሉ። በዚያ ሰዓት ልጅቱ አምስት የሥራ ባልደረቦቿ ባሉበት ማሽን ላይ ነበረች። ሦስቱ ግን ምሳ ላይ ነበርን ከማለት በቀር ምስክር የላቸውም።

ረቡዕ ጠዋት ፋርማሲስቷ ክፍሉ ድረስ መጣች። መደርደሪያውን አንዴ ቃኘት አድርጋ ፊቷን አጨፈገገች።

«ይሄ ባራይት እዚህ ምን ይሠራል?»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሁለት አረንጓዴ ድንጋዮች መካከል ተወሽቆ፣ ባራይት የሚሉት ስስ ገጾች የተደራረቡበት ነጭ ድንጋይ ተቀምጧል። ሁለት ጡጫ ያህላል።

«ቦታው የት ነበር?»

«ታች፣ ከከባዶቹ ጋር። ድሮ የምንደረድራቸው በተገኙበት ቦታ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ሁሉንም አዛውረን በዓይነት በዓይነታቸው አደረግናቸው። ሊቀመንበሩ በዚህ ሳምንት የድሮውን ቁጥር እያጠፋ አዲሱን ሊጽፍ ነበር። ይኸው ዝርዝሩ፤ የባራይቱ አዲስ ቁጥር አርባ ሰባት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ድንጋዩን በጓንት ይዛ ገለበጠችው። ከሥሩ በነጭ ቀለም ላይ «35» ተጽፏል። የሌሎቹ ድንጋዮች ቀለም ወይቧል፤ የዚህኛው ግን ገና ነጭ ነው።

«ስታጠፉ ማንኛውንም ቁጥር ታጠፋላችሁ?»

«በፍጹም! የማኅበሩን ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ድንጋይ ሲያገኝ እዚያው በመርፌ የራሱን ቁጥር ይጭርበታል። እሱ አይነካም። ቢያስጠላ በቀለም ይሸፈናል እንጂ አይፋቅም። እኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው።»

«ይህን ድንጋይ ያገኘው ማነው?»

«የጥርስ ሐኪሙ ነዋ። የማኅበሩ ኩራት እኮ ነው። ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት ከሰሜኑ ካባ አገኘሁት ብሎ አመጣው።»

ኢንስፔክተሯ ድንጋዩን ለምርመራ ላከችና ሴራሚክ ሠሪውን ፍለጋ ሄደች። ያገኘችው ያላለቀ ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተንበርክኮ ሴራሚክ ሲያነጥፍ ነው። ሳይነሳ አናገራት።

«ከሊቀመንበሩ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በየሳምንቱ! እኔ ድንጋዩን ሰብሬ ውስጡን ልይ እላለሁ፣ እሱ እጅህን ሰብስብ ይላል። በዚህ የሚገዳደል ሰው ቢኖር ማኅበሩ ድሮ ባዶ ቀርቶ ነበር።» መሳቅ ጀመረና መሃል ላይ ተወው። «አሁን ማን እጅህን ሰብስብ ይለኛል?»

«ባራይቱስ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ታች ነዋ። ቅዳሜ ራሴ ነኝ ያወረድኩት። መጠኑን አይተው እንዳይሸወዱ፤ እንደ ብረት ነው የሚከብደው።»

«ሁላችሁም ነበራችሁ?»

«ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊዋና እኔ። ሐኪሙ ሌላ ከተማ ስብሰባ ነበረው። ሸክም ባለ ቁጥር እሱ ስብሰባ አለው።»

የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒኩ ውስጥ በነጭ ጋውን ተቀበላት። ስልሳ የሞላው፣ ጥፍሩ የጸዳ፣ ቃሉን መጥኖ የሚናገር ሰው ነው። ሥራው ሰው ማደንዘዝ ነውና ራሱም ጥቂት የደነዘዘ ይመስል ነበር።

«ልጅቱ እንዴት ናት?» አለ ቀድሞ። «ትናንት ማታ ምግብ ይዤ ሄጄ ነበር፤ አልቀመሰችውም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ የማያት እንደ ልጄ ነው። ትምህርት ቤት አድርሼ የምመልሳት እኔ ነበርኩ።»

«እናቷ በምን ሞተች?»

«ካባ ውስጥ ድንጋይ ተንዶባት። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። ብቻዋን ነበረች።»

«እሷም ትሰበስብ ነበር ማለት ነው?»

«ከሁላችንም ትበልጥ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን እየጻፈች፣ «ክፍሉን መልሰን ማስተካከል አለብን» አለች። «የእርስዎ ባራይት የት ነው የሚገባው?»

«ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ አምስተኛው» አለ ሐኪሙ። «ዓይኔን ጨፍኜ እመልሰዋለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ኢንስፔክተሯ ልጅቱ ቤት ሄደች። ሆስፒታሉ የመለሰው የሟቹ ልብስ ከነፌስታሉ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አልከፈተውም። አስፈቅዳ ፈታችው። ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ አሮጌ ደብተር ወጣ።

«የእናቴ ነው» አለች ልጅቱ። «ሰኞ ማታ ከመሳቢያ አውጥቶ ሲያገላብጠው አመሸ። እራት አልበላም፣ አላናገረኝም። በመሰላሉ የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር።»

ደብተሩ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ቁጥር፣ ቀንና ቦታ ተዘርዝሯል። የመጨረሻው ቁጥር 213 ነው።

«እናትሽ ቁጥሩን መቼ ነበር የምትጽፈው?»

«ድንጋዩ ላይ እዚያው ካባው ውስጥ ትጭረዋለች። ደብተሩ ላይ ግን ማታ ቤት ስትገባ ነው የምትመዘግበው።» ልጅቱ ደብተሩን ዘጋችው። «በመጨረሻው ቀን ቤት አልገባችም።»

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ማኅበሩ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ፋርማሲስቷና ሴራሚክ ሠሪው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐኪሙ በምክትልነቱ የሊቀመንበሩን ወንበር ስቦ ከጠረጴዛው ራስጌ ተቀመጠ፤ ማንም ምንም አላለውም። ልጅቱ መስኮቱ ጋ ቆማለች፤ አንድ ፖሊስ በሩ ላይ አለ። ኢንስፔክተሯ ባራይቱንና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ከሁሉ በፊት አንቺ ስሚኝ» አለች ወደ ልጅቱ ዞራ። «አባትሽ ከመሰላል አልወደቀም። ሰው አሴቶን የነካ ጥጥ በጣቱ ይዞ መሰላል አይወጣም። ጠረጴዛው ላይ ቁጥር ሲያጠፋ ነው የተመታው። መሰላሉ ከጎኑ የቆመው በኋላ ነው።»

ልጅቱ አልተንቀሳቀሰችም። «አባቴን የገደለው መሰላሉ አይደለም?» አለች።

«አይደለም። አንቺ አንዳች አላጠፋሽም።»

«በምን ተመታ ታዲያ?» አለ ሴራሚክ ሠሪው።

«ቁጥር እያጠፋ ከነበረ የሚያጠፋበት ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ መኖር ነበረበት። አልነበረም። መደርደሪያው ላይ ደግሞ ከቦታው የወጣ አንድ ድንጋይ ብቻ አገኘን። ተጠርጓል፤ ግን በገጾቹ መካከል የሰው ደም ቀርቷል። ቀለሙ አዲስ ነው፣ የተጻፈበት ቁጥር ግን የድሮው ሠላሳ አምስት። ሊቀመንበሩ ጽፎት ቢሆን አርባ ሰባት ይል ነበር። እናንተ ሁለታችሁም አርባ ሰባት ትጽፉ ነበር፤ ድንጋዩንም ታች ትመልሱት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ያልነበረ አንድ ሰው ግን አለ። ድንጋጤ ላይ ነው፤ መደርደሪያውን ልብ ብሎ አላየም። እጁ እንደለመደው ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ አምስተኛው ላይ አስቀመጠው።»

ፋርማሲስቷ ቀስ ብላ ወደ ሐኪሙ ዞረች። ሐኪሙ እጆቹን እያየ ነበር።

«በገዛ ድንጋዬ ወዳጄን የምገድለው ለምንድነው?» አለ።

ኢንስፔክተሯ ጥጥ በአሴቶን ነክራ የድንጋዩን ሥር ማሸት ጀመረች። ሠላሳ አምስቱ ጠፋ፤ ነጩ ቀለም ለቀቀ። ከሥሩ በመርፌ የተጫረ ደቃቅ ቁጥር ብቅ አለ፦ 214። ደብተሩን የመጨረሻው ገጽ ላይ ገልጣ ከጎኑ አስቀመጠችው። የእጅ ጽሕፈቱ አንድ ነው።

«ሊቀመንበሩ ሰኞ ያየው ይህንን ነው» አለች። «ሚስቱ የመጨረሻ ቀኗ ላይ ያነሳችው ድንጋይ ነው። እርስዎ ጋ ሊመጣ የሚችለው እርስዎም እዚያ ከነበሩ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በሞረድ ቢፍቁት ኖሮ ዛሬ እጄ ላይ ምንም አይኖርም ነበር። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሸፍነው ኖሩ። ማክሰኞ ደግሞ ሰው ገድለው፣ ቁጭ ብለው እንደገና ቀቡት። ለምን አልፋቁትም?»

«የእሷ ቁጥር ነዋ» አለ ሐኪሙ። «አይፋቅም።»

«አንተ ሰውዬ!» ሴራሚክ ሠሪው ጠረጴዛውን መታ።

ሐኪሙ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሳያደርግ ቀጠለ። «ማክሰኞ ጠርቶኝ እይ ብሎ ድንጋዩን የሰጠኝ እሱ ነው። አልጮኸብኝም። ዛሬ ማታ ለልጄ እነግራታለሁ አለኝ። ለመንኩት። ለእሷ ብቻ አትንገራት፣ ሌላውን ሁሉ አድርገኝ አልኩት። የቀረችውን ቀለም ሊያጠራ ፊቱን አዙሮ ጥጥ ቆርሶ አሴቶን አስነካ። ድንጋዩ እጄ ላይ ነበር።»

«ያን ቀን ከእናቴ ጋር ነበሩ?» አለች ልጅቱ።

«ነበርኩ። ካባው ተዘግቷል፤ ግድ የለም እንግባ ያልኳት እኔ ነኝ። ያዝልኝ ብላ ድንጋዩን ሰጥታኝ ትንሽ ራቅ እንዳልኩ ተናደባት። ሰው ልጠራ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ምን እላለሁ ስል፣ ምን እላለሁ ስል፣ ቤቴ ደረስኩ። በማግስቱ ብቻዋን ነበረች ሲሉ ሰማሁ፤ እኔም አዎ አልኩ።»

«ጋሼ፣ ትተዋት ሲሄዱ ትተነፍስ ነበር?»

 ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው እያወራ አለፈ።

«ትተነፍስ ነበር» አለ ሐኪሙ።

ፋርማሲስቷ አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቱ መስኮቱን ትታ ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ተነስ» አለችው።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት።

«ከአባቴ ወንበር ላይ ተነስ!»

ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። ፖሊሱ መጥቶ ክንዱን ያዘው። ልጅቱ ወንበሩን ወደ ራሷ ስባ ተቀመጠች፤ ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ፊቷን በእጆቿ ይዛ፣ ማልቀስ ጀመረች።